በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች እርዳታ ስትጠይቁ መልስ እንድታገኙ፦ ከዝግጅት እስከ መዝጊያ

«ሰላም ለሁላችሁ። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ። ፕሮግራሙ አልሠራ አለኝ። እባካችሁ አንድ በሉኝ።»

ይህ መልእክት ጨዋ ነው፤ መልስ ግን አያገኝም። አንባቢው ሊረዳ ቢፈልግስ ከየት ይጀምር? የትኛው ቨርዥን ነው? የተጫነው ምን ላይ ነው? ምን ስታደርጉ ቆመ? ሲቆምስ ምን አለ? እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ መልሳችሁን ጠብቆ፣ ዋናው ችግር ላይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ትቶት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል።

ብዙዎቹ መላሾች የሚረዱት ከሥራ በኋላ ከራሳቸው ሰዓት ቀንሰው ነው። ፕሮግራሙ የተሰጣችሁም «እንዳለ» ነው፤ የኤምአይቲም ሆነ የጂፒኤል ፈቃድ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ እዚህ ጨዋነት ማለት እናንተው ልትሠሩት የምትችሉትን ሥራ ለሌላ ሰው አለመተው ነው። በደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ሂዱ። ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዘሎ መጻፍ ሲጀምር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ፋይሎችን የሚያመሳስል ፕሮግራም አላችሁ እንበል። ለወራት በደህና ሲሠራ ቆይቶ ዛሬ መሀል ላይ «የፋይሉ ስም በጣም ረዝሟል» ብሎ ቆመ።

## ደረጃ 1፦ ስህተቱን አንብቡ፣ ከዚያ ፈልጉ

የስህተት መልእክቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ዓይን ይሸሻል። የት ማተኮር እንዳለባችሁ እንደ ቋንቋው ይለያያል። በፓይተን ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ስህተቱ ጋ የተደረሰበት መንገድ ነው። ሲ ወይም ሲ++ ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትቀይሩ) ደግሞ በተቃራኒው መጀመሪያ የመጣውን ስህተት ያዙ። ከሱ በኋላ የተደረደሩት አርባ ስህተቶች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ያስከተላቸው ናቸው።

መልእክቱን ኮፒ አድርጋችሁ ፈልጉ። ከመፈለጋችሁ በፊት የእናንተ ብቻ የሆነውን አውጡ፦ የተጠቃሚ ስም፣ የፎልደር መንገድ፣ ቀንና ሰዓት። እነሱ ካሉበት ፍለጋው ባዶ ይመለሳል።

የተዘጉ ኢሹዎችንም፣ ማለትም በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ የተመዘገቡና ያለቁ ችግሮችንና ሐሳቦችን፣ ፈልጉ። ጊትሀብ ላይ የኢሹ ገጽ ሲከፈት የሚያሳየው ክፍት የሆኑትን ብቻ ነው፤ የተፈታ ችግር ደግሞ ያለው ከተዘጉት ውስጥ ነው። ክፍት የሚለውን ማጣሪያ አጥፉና እንደገና ፈልጉ። በዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ጥያቄው የሚያበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአዲሱ ቨርዥን ሞክሩ። የተረጋጋው ዴቢያን (ፕሮግራሞችን በፓኬጅ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ የሊኑክስ ዓይነት) ለምሳሌ ሆነ ብሎ ቆየት ያሉ ቨርዥኖችን ይዞ ይቆያል፤ ችግራችሁ ዋናው ፕሮጀክት ውስጥ ከዓመት በፊት ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ላይ ከጠፋ ጉዳዩ የዋናው ፕሮጀክት አይደለም፤ ፓኬጁን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው መጠየቅ ያለባቸው።

ተጨማሪዎችን አጥፉ። ፕለጊን፣ ኤክስቴንሽን፣ የራሳችሁ ማስተካከያ፣ ሁሉንም አስወግዳችሁ በባዶ ፕሮፋይል አስነሡት። ችግሩ ከጠፋ አንድ በአንድ መልሱ። ተመልሶ የመጣበት ላይ ተጠያቂውን አገኛችሁ።

ለዚህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠው? እኔ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት እላለሁ። አምስት ደቂቃ ሞክሮ መጠየቅ ሰው ያሰለቻል፤ ሦስት ቀን ብቻን መታገል ደግሞ ራስን መበደል ነው።

## ደረጃ 2፦ ችግሩን አሳንሱት

ከሁሉም ደረጃ በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዘለለውም ይኸው ነው። እኔ ጥያቄ ስመልስ መጀመሪያ የምከፍተው በራሴ ኮምፒውተር በሁለት ደቂቃ ልደግመው የምችለውን ነው።

ሥራው እንዲህ ነው፦ የማያስፈልገውን እየቀነሳችሁ፣ በእያንዳንዱ ቅነሳ ችግሩ አሁንም መኖሩን እያያችሁ፣ ሌላ ምንም ሊቀነስ የማይችልበት ድረስ ሂዱ።

1. ፎልደሩን ወይም ኮዱን ኮፒ አድርጉ። በዋናው ላይ አትሞክሩ።
2. ግማሹን አውጡና አሂዱ።
3. ችግሩ ካለ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉ። ከጠፋ ያወጣችሁትን መልሱና ሌላውን ግማሽ አውጡ።
4. አንድ ፋይል ወይም ጥቂት መስመር እስኪቀር ድገሙ።

በምሳሌያችን 4,000 ፋይል ቢኖር ከ12 ሙከራ በኋላ አንድ ፋይል ትይዛላችሁ። ስሙ ረጅም ነው፤ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። አሁን ሊኑክሱ ላይ ፕሮግራሙን ጨርሶ ትታችሁ «ሀ»ን 85 ጊዜ ደጋግማችሁ በዚያ ስም ባዶ ፋይል ፍጠሩ። ይፈጠራል። አንድ «ሀ» ጨምሩ። እምቢ ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ሊኑክስ ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 255 ለ3 ሲካፈል 85 ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም ገደቡ 255 ነው፤ የሚቆጥረው ግን የዩቲኤፍ-16 አሃድ ነው፤ በሱ ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል አንድ አሃድ ነው። ስለዚህ 120 ፊደል ያለው ስም ዊንዶውስ ላይ በሰላም ይኖራል፤ ሊኑክሱ ላይ ሲደርስ ቦታ ያጣል።

ልብ በሉ፤ ጥያቄው ራሱ ተቀየረ። «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብላችሁ ልትጽፉ ነበር። ገደቡ የፋይል ሲስተሙ ስለሆነ ፕሮግራሙ አልዋሸም። ሆኖም በአንድ ፋይል ምክንያት ሌሎቹን 3,999 ሳያስተላልፍ መቆሙ፣ የትኛው ፋይል እንደሆነም አለመናገሩ ተገቢ ቅሬታ ነው። ይህን ደግሞ ሜንቴይነሮቹ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚንከባከቡት ሰዎች፣ ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

### ችግሩ ከአዲስ ቨርዥን ጋር የመጣ ከሆነ

ኮዱን ራሳችሁ መገንባት የምትችሉ ከሆነ ጊት ባይሴክትን (የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው የጊት አንድ ትዕዛዝ ነው) ተጠቀሙ። የሚሠራውን የድሮ ኮሚት (በታሪኩ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ለውጥ) እና የማይሠራውን አዲስ ኮሚት ትነግሩታላችሁ፤ መሀሉን እያወጣ እንድትሞክሩ ይሰጣችኋል። በሁለቱ መካከል 1,000 ኮሚት ቢኖር 10 ያህል ሙከራ ይበቃል። «ችግሩን ያመጣው ይህ ኮሚት ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶ ነው የመጣው።

### አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት ከሆነ

አትደብቁት፤ ቁጠሩት። «አንዳንዴ ይቆማል» አትበሉ፤ «ከ20 ሙከራ 3 ጊዜ ቆመ፤ ሦስቱም ኔትወርኩ ሲዘገይ ነው» በሉ።

### ጨርሶ መድገም ካቃታችሁ

እሱንም ተናገሩ። «መድገም አልቻልኩም፤ ሲከሰት የነበረው ሎግ (ፕሮግራሙ የመዘገበው ጽሑፍ) ይኸው» የሚል ሐቀኛ ጥያቄ፣ የተረጋገጠ ለመምሰል ከተድበሰበሰው ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ መረጃውን ሰብስቡ፣ ምስጢሩን አውጡ

መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ባዶ ፋይል ላይ አስቀምጡ፦

- የፕሮግራሙ ቨርዥን፣ በሙሉ ቁጥሩ። «አዲሱ» የሚባል ቨርዥን የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አዲስ ይመጣል።
- ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ቨርዥኑ።
- የተጫነበት መንገድ፦ ከዲስትሪቢውሽኑ ፓኬጅ፣ ከዶከር፣ ከፍላትፓክ ወይስ ከኮዱ ተገንብቶ።
- የሰጣችሁት ትዕዛዝ፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር።
- የወጣው ውጤት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።
- ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የቀየራችሁት ነገር።

ጽሑፍን በስክሪንሹት አትላኩ። ሥዕል ውስጥ ያለ ስህተት ኮፒ አይደረግም፤ በፍለጋ አይገኝም፤ ማየት ለተሳነው መላሽም አይነበብም። ስክሪንሹት የሚያስፈልገው ችግሩ ራሱ የሚታይ ነገር ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ፊደሎች ሲደራረቡ ወይም ቁልፍ ከቦታው ሲጠፋ።

ሎጉን በኮድ ብሎክ ውስጥ አስገቡ። በማርክዳውን ከጽሑፉ በላይና በታች ሦስት ሦስት ባክቲክ ይደረጋል፤ በብዙ ኪቦርዶች ከቁጥር 1 በስተግራ ያለው ምልክት ነው። ይህ ካልተደረገ ኮከቦችና መስመሮች ወደ ሌላ ነገር ይለወጡና ሎጉ አይነበብም። ሎጉ ከመቶ መስመር ካለፈ ፋይል አድርጋችሁ አያይዙት፤ በመልእክቱ ውስጥ ዋናውን ክፍል ብቻ አስቀምጡ።

ሲስተማችሁ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ስህተቱን በእንግሊዝኛ አውጡት። ሊኑክስ ላይ ከትዕዛዙ በፊት ኤልሲ_ኦል የሚባለውን ተለዋዋጭ «ሲ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሙሉት (LC_ALL=C)፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ። መላሹ የሚያውቀው ያንን ነው፤ ፍለጋውም የሚሠራው በዚያው ነው።

### ማስጠንቀቂያ፦ ፓስወርድና ቶክን

ሎግ ውስጥ ፓስወርድ፣ የኤፒአይ ቁልፍ፣ ቶክን፣ የደንበኛ ስም፣ የውስጥ ሰርቨር አድራሻ ሊኖር ይችላል። የሴቲንግ ፋይል ደግሞ ከሎግም ይብሳል። አንድ በአንድ እያያችሁ «እዚህ ቁልፍ ነበር» በሚል ተኩት። መስመሩን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፤ የመስመሩ መኖር ራሱ መረጃ ሊሆን ይችላል።

ሳታዩት ካመለጣችሁ መጀመሪያ ቁልፉን ሰርዙና አዲስ አውጡ፤ መልእክቱን ማረም ሁለተኛ ነው። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ያረማችሁት መልእክት የድሮ ቅጂ በጊትሀብ የእርማት ታሪክ ውስጥ ይታያል፤ በኢሜይል የተላከው ደግሞ ተመዝጋቢዎቹ ጋ ደርሷል። አንዴ የወጣ ቁልፍ እንደተሰረቀ ቁጠሩት።

## ደረጃ 4፦ የሚላክበትን ቦታ ምረጡ

መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ሪድሚ (መግቢያ ፋይል) እና የአስተዋጽኦ መመሪያ አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ «ጥያቄ እዚህ፣ ባግ (የፕሮግራሙ ስህተት) እዚያ» የሚል መስመር አለው። ከሌለው ይህን ተከተሉ፦

ኢሹ፦ ባግ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ወይም አዲስ ነገር እንዲጨመር ሐሳብ ካላችሁ። «እንዴት ነው የማደርገው?» የሚል የአጠቃቀም ጥያቄ በብዙ ፕሮጀክት ኢሹ ላይ አይፈቀድም። የተዘጋጀ ቴምፕሌት ካለ ሙሉት፤ አጥፍቶ በራስ መንገድ መጻፍ ሳይነበብ ያስዘጋል።

የውይይት ገጽና ስታክ ኦቨርፍሎው፦ ለአጠቃቀም ጥያቄ።

ቻት (አይአርሲ፣ ማትሪክስ፣ ዲስኮርድ)፦ ለአጭርና ፈጣን ጉዳይ። «የሚረዳኝ ሰው አለ?» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥያቄውን በቀጥታ ጻፉ። አይአርሲ ላይ ከወጣችሁ በኋላ የተጻፈውን አታዩም፤ ጠይቃችሁ በአምስት ደቂቃ አትውጡ። ረጅም ሎግ እዚያ አታፍስሱ፤ ሌላ ቦታ አስቀምጣችሁ ሊንኩን ስጡ።

ሜይሊንግ ሊስት (ለተመዝጋቢዎቹ ሁሉ የሚደርስ የኢሜይል ውይይት)፦ የራሱ ሥርዓት አለው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሊስቶች በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ኢሜይል አይቀበሉም፤ በተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። መልስ ስትሰጡም ከሙሉው ኢሜይል በላይ አትጻፉ፤ የምትመልሱለትን ዓረፍተ ነገር አስቀርታችሁ ከሥሩ መልሱ፣ የቀረውን ሰርዙ። ከርነሉን የሚመለከት ከሆነ ከማኅበረሰቡ ውጭ የተሠራ ድራይቨር መጫናችሁንም ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ድራይቨር ከርነሉን «የተበከለ» የሚል ምልክት ስለሚያስይዘው ያለሱ እንድትሞክሩ ይጠይቋችኋል።

የደኅንነት ቀዳዳ ካገኛችሁ ከላይ ካሉት በአንዱም አትጻፉ። «ሴኪዩሪቲ» የሚል ፋይል በፕሮጀክቱ ውስጥ ፈልጉና በተሰጠው የግል መንገድ ላኩ። በአደባባይ ከተጻፈ ማስተካከያ ሳይወጣለት አጥቂዎች እጅ ይገባል።

አንድ ጥያቄ ለአንድ ቦታ። በአራት ቦታ ከበተናችሁት አራት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሥራ ይሠራሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቦታ መቀየር ግድ ከሆነ የድሮውን ሊንክ በአዲሱ ላይ አስቀምጡ፤ በድሮውም ላይ የአዲሱን።

## ደረጃ 5፦ ርዕሱ

ብዙ መላሽ ርዕስ አይቶ ነው የሚከፍት ወይም የሚያልፍ። ርዕሱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የትኛው ክፍል፣ ምን ሲደረግ፣ ምን ሆነ።

የማይሠራ፦ «አስቸኳይ!!! እርዱኝ»
ትንሽ የተሻለ፦ «ማመሳሰል አይሠራም»
የሚሠራ፦ «ስሙ ከ255 ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ሲያጋጥም ማመሳሰሉ በሙሉ ይቆማል (ቨርዥን 2.4.1)»

«አስቸኳይ» የሚለውን ቃል አውጡ። ለእናንተ እውነት ነው፤ ለማያውቃችሁ ሰው ግን ትእዛዝ ሆኖ ይነበባል።

## ደረጃ 6፦ መልእክቱ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። አንድ ቃል ሰላምታ ይበቃል። ከዚያ ልትደርሱበት የፈለጋችሁት ዋና ግብ፣ የጠበቃችሁት፣ የሆነው፣ መድገሚያው፣ የሞከራችሁት፣ በመጨረሻ አንድ ግልጽ ጥያቄ።

ዋናውን ግብ ቀድሞ መናገር ለምን ያስፈልጋል? ሰው መፍትሔ ይሆናል ብሎ ባሰበው መንገድ ላይ ይጣበቅና ስለ መንገዱ ብቻ ይጠይቃል። «የኤክስት4ን የስም ገደብ እንዴት ልጨምር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አይቻልም» ነው፤ እዚያው ያልቃል። «ረጅም የአማርኛ ስም ያላቸውን ፋይሎች ወደ ሊኑክስ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ» ካላችሁ ግን ያላሰባችሁት መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ ለምሳሌ በዚፕ ጠቅልሎ መላክ።

ሙሉ ምሳሌው ይኸው፦

> ሰላም። ከዊንዶውስ 11 ወደ ዴቢያን 12 ሰርቨር 4,000 ያህል ፋይሎች አመሳስላለሁ። አንዳንዶቹ ረጅም የአማርኛ ስም አላቸው።
>
> የጠበቅሁት፦ ሊተላለፍ የማይችለው ፋይል ተዘልሎ፣ ስሙ ተነግሮኝ፣ ሌሎቹ እንዲቀጥሉ።
>
> የሆነው፦ ፕሮግራሙ «የፋይሉ ስም በጣም ረዝሟል» ብሎ በሙሉ ይቆማል። የትኛው ፋይል እንደሆነ አይናገርም። ሎጉ ተያይዟል።
>
> ለመድገም፦
> 1. ዊንዶውስ ላይ «ሀ» 86 ጊዜ የተደጋገመበት ስም ያለው ባዶ ፋይል ፍጠሩ።
> 2. ከጎኑ ሌላ አጭር ስም ያለው ፋይል አስቀምጡ።
> 3. ኤክስት4 ወደሆነ ሰርቨር አመሳስሉ። ሁለቱም አይደርሱም።
>
> የሞከርኩት፦ በ85 ፊደል ይሠራል፤ ስለዚህ ገደቡ የፋይል ሲስተሙ 255 ባይት መሆኑ ገብቶኛል። በ2.4.1ም በ2.5 የሙከራ ቨርዥንም ያው ነው። በተዘጉት ኢሹዎች ውስጥ ተመሳሳይ አላገኘሁም።
>
> ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለውን ፋይል ዘልሎ የሚቀጥልበት ሴቲንግ አለ? ከሌለ ቢጨመር ትቀበሉታላችሁ? በሙከራ ላግዝ እችላለሁ።

«እባካችሁ» አንድ ጊዜም የለበትም። ግን እያንዳንዱ መስመር አንባቢውን ያከብራል።

### ከመላካችሁ በፊት የምታወጡት

- የራሳችሁ ምርመራ እንደ እውነት የተጻፈበትን። «ሜሞሪው ነው የተበላሸው» ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ፤ ግምታችሁን ከፈለጋችሁ «ግምቴ ነው» ብላችሁ መጨረሻ ላይ።
- ንጽጽርና ምሬት። «ሌላው ፕሮግራም ግን ይሠራል»፣ «እንዴት ይህን ሳትሞክሩት ታወጣላችሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች መረጃ የላቸውም።
- ሁለተኛውን ጥያቄ። ሁለት ችግር ካላችሁ ሁለት መልእክት ጻፉ።
- ሁለት አንቀጽ ይቅርታ። ጥያቄውን ይቀብረዋል።

### ቋንቋ

ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ቢሆን አትሸማቀቁ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ትዕዛዙና ሎጉ የቀረውን ይናገራል። ከአማርኛ በቀጥታ ስትተረጉሙ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ «አስተካክሉልኝ» በእኛ ቋንቋ ልመናን ሊሸከም ይችላል፤ እንግሊዝኛው ላይ ያ ለዛ ይጠፋና ትእዛዝ ብቻ ይቀራል። በጥያቄ መልክ አድርጉት፦ «ይህን የማስተካከልበት መንገድ አለ?»

ማሽን ቢተረጉምላችሁ ችግር የለም፤ የስህተት መልእክቱንና የኮድ ቃላቱን ግን እንዳይነካ እዩ። ለኤአይ ፕሮግራም ችግሩን ነግራችሁ የጻፈውን ሪፖርት ሳታረጋግጡ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። በኢንተርኔት መረጃ የሚያስተላልፈው የከርል ፕሮግራም ፕሮጀክት መሪ ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በኤአይ የተጻፉ የሐሰት የደኅንነት ሪፖርቶች ጊዜያቸውን እንደሚበሉባቸው በይፋ ሲናገር ቆይቷል። ራሳችሁ ያላያችሁትን ነገር አየሁ አትበሉ።

## ደረጃ 7፦ ላኩና ጠብቁ

ልካችሁ እንዳበቃችሁ መልእክቱን እንደ እንግዳ ሰው አንብቡት። ኮድ ብሎኩ ተበላሽቷል? ሊንኩ ይከፈታል? አሁኑኑ አርሙ።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። የሊኑክስ ከርነል መመሪያ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ለላኩ ሰዎች እንኳ እንደገና ከማስታወሳቸው በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲጠብቁ ይመክራል፤ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሳምንቱ ካለፈ አንድ ማስታወሻ ላኩ፤ ባዶውን ግን አትላኩ። «አለ የሚመልስ?» ሳይሆን «ዛሬ በወጣው 2.5 ሞከርኩት፤ ችግሩ አለ፤ አዲሱ ሎግ ይኸው» በሉ። ሁለተኛው ማስታወሻም ካልተመለሰ ቦታ ቀይሩ።

የማታደርጉት፦

- ሜንቴይነሮችን በስማቸው እየጠራችሁ ታግ ማድረግ፣ ወይም በግል ኢሜይላቸው መሄድ።
- በሌላ ሰው ኢሹ ላይ «እኔም» ብሎ መጻፍ። እያንዳንዱ አስተያየት ለተከታዮቹ ሁሉ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአውራ ጣት ምልክት ያለው ለዚህ ነው፤ እሱን ተጫኑ። የሚጨመር አዲስ መረጃ ካላችሁ ግን ጻፉ።
- መግፋት። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤክስዜድ ዩቲልስ (ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም) ሜንቴይነር ከማይታወቁ ሰዎች «ዘገየህ፤ ሥራውን ለሌላ አካፍል» የሚሉ መልእክቶች ይደርሱት ነበር። ማርች 29 ቀን 2024 በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር መኖሩ ይፋ ሆነ፤ ያስገባውም ከዚያ ግፊት በኋላ የሜንቴይነርነት ሥልጣን ያገኘው ሰው መለያ ነበር። እናንተ የምትቸኩሉት በቅን ልብ ቢሆንም ተቀባዩ ያንን ሊያውቅ አይችልም።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሦስት ሜንቴይነሮችን በአንድ መልእክት ታግ አድርጌ ነበር። ኢሹው በዚያው ቀን ተዘጋ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ችግር አሳንሼ፣ መድገሚያ ጨምሬ፣ ማንንም ሳልጠራ ጻፍኩት፤ በማግስቱ መልስ መጣ። መላሹም ኢሹዬን ከዘጋው ሰው ሌላ አልነበረም።

## ደረጃ 8፦ መልስ ሲመጣ

ሙከራ ከጠየቋችሁ ያንኑ አድርጉ። የማያስፈልግ ቢመስላችሁም ሞክሩትና ውጤቱን ሙሉውን ላኩ። «ይህን ቀድሜ ሞክሬዋለሁ» ከማለት ይልቅ ውጤቱን ማሳየት ያሳጥራል። ሦስት ነገር ከጠየቁ ሦስቱንም መልሱ፤ አንዱን መልሶ ሁለቱን መተው ውይይቱን ይገድለዋል።

ያልገባችሁን ንገሯቸው። ምን ያህሉ እንደገባችሁ ግለጹ፦ «ሴቲንግ ፋይሉን አግኝቻለሁ፤ የትኛው ክፍል ሥር እንደሚጨመር አልገባኝም።»

ሊንክ ብቻ ከሰጧችሁ አትቀየሙ፤ ክፈቱትና አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላም ካልተፈታ የትኛውን አንቀጽ ሞክራችሁ የት እንደቆመ ጻፉ።

ኢሹው ከተዘጋ ምክንያቱን አንብቡ። «ተደጋጋሚ» ከተባለ ወደተጠቀሰው ኢሹ ሂዱ። «በቂ መረጃ የለም» ከተባለ የጎደለውን እዚያው ጨምራችሁ እንዲከፈት ጠይቁ፤ አዲስ ኢሹ አትክፈቱ። «አናስተካክለውም» ከተባለ ውሳኔው የእነሱ ነው። ፈቃዱ ኮዱን ራሳችሁ እንድትቀይሩ ይፈቅድላችኋል፤ ለመከራከር ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ ምክንያት ካላችሁ ብቻ ተመለሱ።

ሻካራ መልስ ከመጣ መጀመሪያ ቴክኒካዊውን ክፍል ለዩ። «ይህ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ሰው ለምን አያነብም» በሚለው ውስጥ አንድ ጠቃሚ መረጃ አለ፤ መልሱ መመሪያው ላይ ነው። ለሱ ብቻ መልሱ። አጭር መልስ ሁሉ ቁጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው በቀን ሠላሳ መልእክት እየመለሰ ሰላምታ ይዘላል። ስድብ ወይም ማንነትን የሚነካ ንግግር ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ እዚያው ላይ ግን አትመላለሱ። ፕሮጀክቱ የሥነ ምግባር ደንብ ካለው በውስጡ የሪፖርት አድራሻ አለ፤ ሊንኩን አያይዛችሁ ወደዚያ ጻፉ።

ውይይቱን ወደ ግል አትውሰዱት። በአደባባይ የተሰጠ መልስ ነገ ያው ችግር ለሚገጥመው ሰው ይቀራል።

## ደረጃ 9፦ ዝጉት

1. የተሰጣችሁን መፍትሔ በእርግጥ መሥራቱን አረጋግጡ።
2. ምን እንደሠራ በሙሉ ጻፉ፦ የትኛው ሴቲንግ፣ በየትኛው ቨርዥን። «ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ብቻ መጥፋት ከሁለት ዓመት በኋላ በፍለጋ ለሚመጣው ሰው በር መዝጋት ነው።
3. መፍትሔውን ራሳችሁ ካገኛችሁትም ተመልሳችሁ ጻፉ።
4. የረዳችሁን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አመስግኑ፤ የትኛው ሐሳቡ እንደጠቀማችሁ ጥቀሱ።
5. በሌላ ቦታ ጠይቃችሁ ከነበረ እዚያም መልሱን ወይም ሊንኩን አስቀምጡ።
6. ኢሹውን ዝጉ። ባጉ ገና ካልተስተካከለና ችግሩን ለጊዜው ማለፊያ መንገድ ብቻ ካገኛችሁ አትዝጉት፤ ማለፊያውን ጽፋችሁ ክፍት ተዉት።

መልሱ መመሪያው ላይ ያልነበረ ከሆነ አንድ አንቀጽ ጻፉና በፑል ሪኩዌስት (ለውጥን ለፕሮጀክቱ በማቅረቢያው መንገድ) ላኩ። በምሳሌያችን «በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ኤክስት4 ላይ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም» የሚል አንድ መስመር ነው።